ኦሃዮና ቴክሳስን ለማስታረቅ ሚኒሶታ ድረስ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቅና ስለ መኪና ነው። ፎቁም አለ፣ መኪናውም አለ፤ እሱን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ከኔ በተሻለ ይነግራችኋል። እኔ የምጽፈው ስላናደደኝ ነገር ነው። ከተመለስኩ ወራት አለፉ፣ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም፤ ሲጻፍ ይወጣ እንደሆነ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። የሳትኩትን ለራሳችሁ አቅንታችሁ አንብቡ።

ስሜ ይመር ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የማያውቀኝ የለም፤ ሃያ ሰባት ዓመት የኳስ ሜዳውን መስመር ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ካስማ ተክዬ፣ ገመድ ወጥሬ፣ ኖራውን በቆርቆሮ ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ ጸጉሬ ሸበተ። ዳኛ ተሳስቶ ያውቃል፣ ተጫዋች ዋሽቶ ያውቃል፤ የኔ መስመር ግን ጠምሞ አያውቅም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ወደ ኋላ ነገሩ ውስጥ ስለሚገባ ነው።

የሄድኩት ልጄ ዘነበች ወንድ ልጅ ወልዳ ነው። ከባሏ ከተስፋዬ ጋር ሚኒያፖሊስ ጥግ፣ ክሪስታል በሚባል ሰፈር ይኖራሉ። ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፤ «አባዬ፣ አንተ ሳትኖር አይሆንም» አለችኝ በስልክ። «የክርስትና አባቱ ማነው?» ስላት «ስትመጣ እንነጋገራለን» አለችና ካርዱ አለቀ።

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በአውቶቡስ ተነሳሁ። ጉልበቴ ላይ ለሕፃኑ የያዝኩለት ኳስ ነበር፤ የቆዳ፣ በእጅ የተሰፋ፣ ጥርቅም ተደርጎ የተነፋ። ሻንጣ ውስጥ አልገባ ብሎኝ ነው እንጂ ለታይታ አይደለም። ቢሆንም እስከ ከሚሴ ድረስ ያለ መንገደኛ ሁሉ እየተቀበለ አገላብጦ አየው። ደብረ ሲና ምሳ በላን፤ ሽሮው ቀጭን ነበር። ዳገቱን ጨርሰን ጣርማ በር አካባቢ ስንደርስ በጭጋጉ ውስጥ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ድንጋይ ፈልጎ ቢያጣ «አባባ፣ ኳሱን ከኋላ ጎማ ስር ልደግፍበት?» አለኝ። የመለስኩለትን አልጽፈውም።

አዲስ አበባ የእህቴ ልጅ ቤት ሁለት ሌሊት አድሬ ረቡዕ ቦሌ ሄድኩ። ፈታሿ ልጅ ኳሱን አየችና «አባባ፣ ተነፍቶ አይገባም» አለች። ክፉ አይደለችም፤ መርፌ ከየት እንዳመጣች እንጃ፣ ራሷ አስተነፈሰችልኝ። እንደ ባዶ ስልቻ አጥፌ በብብቴ ያዝኩት። አውሮፕላኑ ላይ ዶሮ አመጡልኝ። ጾም ነው ብል የሚሰማኝ ጠፋ፤ አጠገቤ የተቀመጠች ነጭ ልጅ ነገሩ ገብቷት ዶሮውን ወስዳ ሙዟንና ዳቦዋን ሰጠችኝ። እግዜር ይስጣት።

ሐሙስ አምስተርዳም ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ሚኒያፖሊስ ደረስኩ። ከበሩ ስወጣ አንድ ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ባለጎማ ወንበር ይዞ ቆሟል።

«ይመር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ተቀመጥ።»

«ምን ሆኜ?»

«ልጅህ ናት ያዘዘችልህ። እንግሊዝኛ የማይችል እንዳይጠፋ ሁሉም በዊልቸር ነው የሚመጣው። ተቀመጥ አቦ!»

አስቡት፤ በዕድሜ እኩያዬ ቢሆንም ገና ስሜን ሳይጨርስ «አንተ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ኋላ ሲነግረኝ ሐሰን ይባላል፣ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ኦሮሞ ነው፤ ድሬዎች ደግሞ ሹም ቢመጣ፣ ቄስ ቢመጣ፣ ሼህ ቢመጣ ያው አንተ ነው። ከልባቸው ነው የሚሉት። ያን ጊዜ ግን አላወቅሁም። «እግር አለኝ» አልኩና ሻንጣዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሐሰን ሻንጣዬን እየገፋ፣ እኔ በእግሬ፣ ሰው እያየን ሄድን።

ፓስፖርት የሚያየው መኮንን የታጠፈውን ቆዳ ገልጦ አሸተተው። ሐሰን አስተረጎመልኝ።

«ምንድነው ይላል።»

«ፉትቦል ነው በለው።»

«ብዬዋለሁ። ይሄ ፉትቦል አይደለም፣ ሶከር ነው ይላል።»

«ሃያ ሰባት ዓመት መስመሩን ያሰመርኩት ሰው እየነገርኩት ነው በለው!»

«ተወው አቦ» አለ ሐሰን፣ «ፓስፖርትህ እሱ እጅ ነው።»

ተውኩት። የመጀመሪያው ንዴት ይህ ነበር፤ ከኋላው ለመጣው ማሟሻ ነው።

ዘነበችና ተስፋዬ ሕፃኑን ታቅፈው ውጭ ጠበቁኝ። ልጄ ከስታለች፣ ዐይኗ ሥር ጠቁሯል። የወለደች ሴት እንዲህ ናት ብዬ አለፍኩት። ሐሰን ለካ እነሱ አፓርትመንት ምድር ቤት ነው የሚኖረው፤ «ማታ እመጣለሁ» ብሎ ሻንጣዬን ጫነልኝ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሰው ግን የለም። ከአየር ማረፊያው እስከ ክሪስታል በእግሩ የሚሄድ አራት ሰው አልቆጠርኩም። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መንገድ ቢኖር በግና ፍየል ይሞላው ነበር።

ዓርብ ተስፋዬ የሌሊት ሺፍቱን ጨርሶ ከኤደን ፕሬሪ መጣና ተኛ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ መኪና ነው የሚነዳው። ያን ጊዜ ዘነበች ነገሩን አወጣችልኝ።

የክርስትና አባት ሊሆን የነበረው ግርማ የሚባል ጓደኛቸው ነው። ተስፋዬና ግርማ ኬንያ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ አንድ ድንኳን፣ አንድ ብርድ ልብስ ተካፍለው የኖሩ ናቸው። አንዱ ወባ ሲይዘው አንዱ አዝሎት ሐኪም ጋ ወስዶታል። አሜሪካ ሲመጡ ተስፋዬን ኦሃዮ፣ ግርማን ቴክሳስ ላኳቸው። ከስንት ዓመት በኋላ ተስፋዬ ሚኒሶታ ሥራ አገኘና «ና፣ አብረን እንኑር» ብሎ ግርማን ጠራው። ግርማ ታክሲ ይነዳል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ እናቱ በሌለበት ሞታለች።

«ታዲያ ምን አጣላቸው?» አልኳት።

«ኮሌጅ ፉትቦል» አለች።

ይህን ላስረዳችሁ። አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት በእጅ የሚያዝ ነገር ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይጫወቱታል፣ የየስቴቱ፣ የየክፍለ ሀገሩ ማለት ነው፣ ሕዝብ ደግሞ እንደ ታቦት ይከተላቸዋል። ከዚያ «የኮሌጅ ፉትቦል ዋና ከተማ የትኛው ስቴት ነው?» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ተስፋዬ ኦሃዮ ይላል። ግርማ ቴክሳስ ይላል። አምና ቴክሳስ ኦሃዮ ድረስ ሄዶ አሸነፈ፤ ዘንድሮ ኦሃዮ ቴክሳስ ድረስ ሄዶ አሸነፈ። ሕፃኑ የተወለደው በዚያው ሰሞን ነው። ግርማ ሆስፒታል ሲመጣ የቴክሳስ ቲሸርት፣ ብርቱካናማ፣ መዳፍ የምታክል፣ ይዞ መጣ። አልጋው ላይ ግን የኦሃዮ ቀይ ልብስ ቀድሞ ተሰቅሏል። ቀልድ ጀመሩ፣ ቀልዱ ከረረ፣ ሕፃኑ ወተት ተፋ፣ ተስፋዬ እጁ ላይ በገባው ነገር ጠረገው። እጁ ላይ የገባው ያ ቲሸርት ነበር።

ግርማ «የኦሃዮ ልጅ ክርስትና አላነሳም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

ሰማችሁ? ተስፋዬ ኦሃዮ ኮሌጅ ገብቶ ያውቃል? አያውቅም፤ ሥጋ ማሸጊያ ነበር። ግርማስ? ቴክሳስ ፀሐይ ላይ ቆሞ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ነበር። ጨዋታውን ተጫውተውት ያውቃሉ? ኳሱን እንኳ ነክተውት አያውቁም! እኔ በዕድሜዬ ሰው በመሬት ሲጣላ አይቻለሁ፣ በውኃ፣ በሚስት ሲጣላ አይቻለሁ። አባቱ ባልተቀበረበት፣ ልጁ ባልተወለደበት አገር ስም ወንድሙን የጣለ ሰው ግን ያኔ ነው ያየሁት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ዘነበች «አባዬ፣ ግርማ ነው። ታች መኪና ማቆሚያው ጋ ነው። እንኳን ደህና መጡ ሊልህ ነው» አለች።

«ለምን አይገባም?»

«የተስፋዬን ደጅ አልረግጥም ብሏል። ሳይጠይቅህ መቅረት ደግሞ ነውር ሆነበት።»

ከአገር ቤት የመጣ ሽማግሌ በመኪና ማቆሚያ ሲጠየቅ! ቢሆንም ወረድኩ። ረዘም ያለ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ከታክሲው ዘሎ ወርዶ ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ። አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዟል። ጋቢናው ውስጥ ተቀመጥን።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ቦታ...»

«ይቅርታ አላደርግም» አልኩት። «ትልቅ ሰው ለጨርቅ ይኳረፋል?»

«ጨርቅ አይደለም አባባ» አለ። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያየው። «እኔ እዚህ አገር ማን አለኝ? ያ ልጅ ሲወለድ ሰው አገኘሁ አልኩ። ሦስት ሱቅ ዞሬ ነው ያቺን ቲሸርት ያገኘኋት፤ ለአራስ የሚሆን የለም እያሉኝ። እሱ አፍ ጠረገበት።»

«እንግዲያስ ቲሸርቱ ነው ያጣላችሁ እንጂ ቴክሳስ አይደለም።»

«ቴክሳስም ነው!» አለ ቱግ ብሎ። «ደግሞ ማን ይሙት፣ ኦሃዮ ከቴክሳስ ጋር ይወዳደራል?»

በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ብርቱካኑን ግን ይዤ ነው፤ ብርቱካኑ ምን አደረገኝ።

ለዘነበች «እኔ አስታርቃቸዋለሁ፤ ግን ያላየሁትን ነገር አልዳኝም» አልኳት። ይህን ሐሰን ሰማ። ሥራ ቦታ አንድ ሰው መሄድ ያልቻለበት ሁለት ቲኬት ሰጥቶት ነበርና ቅዳሜ የሚኒሶታው ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ይዞኝ ሄደ።

ሜዳው ጣሪያ አለው። ሜዳ፣ ጣሪያ! ዝናብ የማያውቀው ሣር፣ ሣሩም የውሸት። ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ያየሁት መስመሩን ነው። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እንደ ሰሌን አስምረውታል። ይህን ሁሉ ያሰመረው ሰው ወገቡ እንዴት ሆኖ ይሆን አልኩ። ተጫዋቾቹ ትከሻቸው ላይ ትራስ አስረው፣ ጭንቅላታቸውን ቆብ ውስጥ ከተው ይወጣሉ። ኳሱ ሁለት ጫፉ የሾለ ፓፓያ ነው። ይጎነበሳሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ቆመው ይመካከራሉ። ጨዋታው ከምክክሩ አይበልጥም። አንድ ቀጭን ልጅ አልፎ አልፎ ከዳር ሮጦ ይገባና አንዴ በእግሩ መትቶ ተመልሶ ይቀመጣል። «እግር ኳስ ካላችሁ ሠራተኛው ያ ልጅ ብቻ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሐሰን ሳቀ።

አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው፤ ሐሰት አልጽፍም። ኳሱ የቆመበት ቦታ ሲያጨቃጭቅ ሁለት ሰዎች ሰንሰለት ይዘው እየሮጡ ገብተው ይለካሉ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ይላል። ድሮ አባቶቻችን ድንበር ሲለዩ ገመድ ጥለው እንደሚለኩት ማለት ነው። እኛ ሜዳ ላይ ያ ሰንሰለት ቢኖር ኖሮ ከደሴ ጋር የተጣላንበት ጎል አያጣላንም ነበር።

አጠገቤ ቡና ዓይነት ቀይ፣ የሚኒሶታ ቡድን ባርኔጣ ያደረገች አሮጊት ነጭ ሴት ተቀምጣለች፤ ብቻዋን፣ ጭኗ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋ። ቡድኗ እየተሸነፈ ነው። እሷ ግን እጇ እስኪቀላ ታጨበጭባለች። የያዘችውን ጨው የተነሰነሰበት ትኩስ ዳቦ ቆርሳ ግማሹን ለኔ ዘረጋችልኝ።

«ሐሰን፣ ለምን የሚያሸንፍ ስቴት አትደግፊም በላት።»

ጠየቃት። እሷ በጥያቄው ተገርማ አየችኝ።

«ቤቴ እዚህ ነው ትላለች» አለ ሐሰን።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ጨዋታው ሲያልቅ ባርኔጣዋን አውልቃ ጭንቅላቴ ላይ ደፋችልኝና እየሳቀች ሄደች። ተሸንፋ፣ ጸጉሯ ተበትኖ፣ እየሳቀች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቄሱ ተስፋዬን ጠርተው «የክርስትና አባቱ ስም አልደረሰኝም፤ እስከ ሐሙስ ንገሩኝ» አሉት። ተስፋዬ «ከሥራ ቦታ አንድ ልጅ አለ፣ እሱን እጠይቃለሁ» አለ። ዘነበች እዚያው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ልጄ ሳትወልድም፣ ስትወልድም ያላለቀሰችውን ለአንድ ፓፓያ አለቀሰች።

ማክሰኞ ግርማን ላናግር ለብቻዬ ወደ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ተነሳሁ። ዘነበች በወረቀት የአውቶቡሱን ቁጥር ጽፋ ሰጠችኝ፤ እኔ ወረቀቱን ገልብጬ ይዤ ቁጥሩን ተሳስቼ ሌላ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መጨረሻው ድረስ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ወረደ፣ እኔ ቀረሁ። ሹፌሯ፣ ወፍራም ጥቁር ሴት፣ ወረቀቴን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ከምሳ ዕቃዋ ፖም አውጥታ ሰጠችኝ፤ ከዚያ መልሳ ወስዳ ትክክለኛው አውቶቡስ ጋ አወረደችኝና ለዚያኛው ሹፌር አደራ ሰጠችኝ። አደራውን በእጇ ምልክት ነው ያወቅሁት። እኛ ጋ ረዳት እንዲህ ያደርጋል? «ሂሳብ!» ነው የሚለው።

ግርማ ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ የሰቀለው አንድ ፎቶ ነው፤ ሕፃኑ በተወለደ ቀን የተነሳው። «ለሽምግልና ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?» አልኩት። ፎቶውን ማየቴን አየ። «እመጣለሁ» አለ። ፓስታ ቀቅሎ አበላኝ፤ አላበሰለውም፣ በላሁት።

ረቡዕ ሐሰን ቤት ተሰበሰብን፤ ከሁለቱም ወገን ስላልሆነ ነው። ሁለት ሶፋ አለ። ተስፋዬ አንዱ ላይ፣ ግርማ ሌላው ላይ፣ ጀርባቸውን ሊሰጣጡ ምንም አልቀራቸው። ዘነበች ሕፃኑን ታቅፋ በሩ ጋ። እኔና ሐሰን መሐል። እንደ ወጉ ከነገሩ በፊት «ዋስ ጥሩ» አልኳቸው። ተስፋዬ ሚስቱን፣ ግርማ ሐሰንን ጠራ። «የሽማግሌ ቃል ትቀበላላችሁ?» «እንቀበላለን» አሉ፣ ሁለቱም መሬት መሬት እያዩ።

«ግርማ፣ ተናገር።»

«አባባ፣ ቴክሳስ ማለት ሃይማኖት ነው። ዓርብ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ሲጫወቱ ትንሿ ከተማ ሁሉ ሱቋን ትዘጋለች። ቅዳሜ ኮሌጅ ነው። ሕፃን ሲወለድ አልጋው ላይ ኳስ ያስቀምጡለታል።»

«ጨረስክ? ተስፋዬ።»

«አባባ፣ ኦሃዮ እኮ ሙዚቀኞቹ እንኳ ሜዳ ላይ እየተሰለፉ የአገሩን ስም ይጽፋሉ። በሰው! ፊደል በሰው ይጻፋል! የትም አገር ያለ አሠልጣኝ ሥሩ ቢታይ ኦሃዮ ነው። ቴክሳስ ጩኸት ነው።»

«ጩኸት ላንተ በሉት!» አለ ግርማ ለኔ። በቀጥታ አይነጋገሩም፤ ስድቡን በኔ በኩል ነው የሚያስተላልፉት።

ሐሰን ጢሙን እያሻሸ «አላባማስ?» አለ፤ ሦስተኛ ስቴት መሆኑ ነው።

«አንተ ዝም በል!» አሉ ሁለቱም እኩል።

አንድ ሰዓት ሰማኋቸው። ከዚያ ባርኔጣዬን አስተካከልኩና ተነሳሁ።

«ልጁ የት ተወለደ?»

«ሚኒሶታ» አሉ።

«እናንተ ሁለታችሁን ያገናኛችሁ የትኛው ነው? ኦሃዮ ነው? ቴክሳስ ነው?»

ሁለቱም ወደ ሕፃኑ ዞረው አዩ።

«የምትበሉት የማንን ነው? እኔ መስመር አስማሪ ነኝ። መስመር የሚሰመረው ሰው በቆመበት ሜዳ ላይ እንጂ ትቶት በሄደው ሜዳ ላይ አይደለም። ፈርጃለሁ። ዋና ከተማው ሚኒሶታ ነው።»

ከዚያ ግርማ ቀና አለና፣ ከአርባ ቀን ግድም በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተስፋዬን በቀጥታ አየው።

«ተስፋዬ፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ እንጂ! ሚኒሶታ!»

«ሚኒሶታ አሉ እኮ!»

«አባባ፣ ሚኒሶታ ማንን አሸንፎ? ከማን ተወዳድሮ?»

«ቢያንስ ኦሃዮ ቢሉ እሺ» አለ ግርማ፣ «ቢያንስ! ኦሃዮ እኮ ቡድን ነው!»

«ቴክሳስ ቢሉ እኔም ባልስማማ እንኳ ይገባኝ ነበር» አለ ተስፋዬ።

ተነስተው መጡብኝ። ግርማ ሶፋውን ለቅቆ ተስፋዬ ጎን ተቀመጠ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨውና ስኳር እየደረደሩ፣ ይህ ተከላካይ ነው፣ ይህ አጥቂ ነው እያሉ ያስረዱኝ ጀመር። አንዱ ሲጀምር አንዱ ይጨርሳል። እኔን፣ ሽማግሌውን!

«ዋስ ጠርታችኋል!» ብዬ ጮህኩ። «ፍርዱን እንቀበላለን ብላችኋል!»

«ይግባኝ እንላለን አባባ!» አሉ።

ሐሰን ክንዴን ያዘና በጆሮዬ «ዝም በል አቦ፣ ታረቁ እኮ» አለኝ።

«ይታረቁ! ፍርዴ ግን ፍርድ ነው!»

ዘነበች በዚህ መሐል ሕፃኑን ለኔ ሰጥታ ወደ ላይ ወጣች። ስትመለስ ብርቱካናማዋን ቲሸርት ይዛ ነው፤ የተተኮሰች፣ የታጠፈች። «ተስፋዬ በእጁ ሦስት ጊዜ አጠባት» አለች ለግርማ። «ለማሽን አልሰጥም ብሎ። እንዳትነግሪው ብሎኝ ነበር።»

ተስፋዬ አንገቱን ደፋ። «ግርማ፣ ያን ቀን እጄን ምን ነካው እንጃ። ሌላ ቲሸርት ልግዛ ብል ደግሞ አልሆነልኝም። ይቅር በለኝ።»

ግርማ ቲሸርቷን ወደ መብራቱ ዘርግቶ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ «የኦሃዮ ሰው ማጠብ የት ያውቅና» አለ። «እየው፣ ወተቱ አሁንም አለ።» ተስፋዬ ተነስቶ አቀፈው። ሕፃኑ እኔ ላይ ተፋ፤ የጠረገልኝ ሰው የለም።

እሑድ ግርማ ከሁሉ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ በር ላይ ቆሞ አገኘነው፣ በነጭ በነጭ። ሕፃኑ ውኃው ሲነካው አለቀሰ፤ ግርማ ከሕፃኑ ብሶ አለቀሰ። ልጄ ያን ቀን ፊቷ በራ፤ እሷን ሳይ ንዴቴ ትንሽ ሊለቀኝ ነበር። ግን በኋላ አዳራሹ ውስጥ ስንበላ ሁለቱ ከገበታ ገበታ እየዞሩ «አባባ ሚኒሶታ አሉ!» እያሉ አወሩ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። አንድ የማላውቀው ጎልማሳ መጥቶ እጄን ጨበጠና «እርስዎ ኖት ሚኒሶታ ያሉት?» አለኝ። «እኔ ነኝ!» አልኩት ቆሜ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባርኔጣዋን ከራሴ አላወረድኳትም፣ እንቅልፍ ካልሆነ።

ስመለስ ሁለቱ በግርማ ታክሲ ወሰዱኝ። እስከ አየር ማረፊያው ድረስ ሲጨቃጨቁ ሄዱ፤ እኔ የኋላ ወንበር ላይ እንደ ዕቃ። ሐሰን ወንበሩን ይዞ ጠበቀኝ። «ተቀመጥ» አለኝ። «አልቀመጥም» አልኩት። ሻንጣዬ ተቀመጠ። ስንለያይ ግንባሬን ሳመኝና «በርታ አንተ ሽማግሌ» አለኝ። አንተ መባሉን ለምጄው ኖሮ፣ አገሬ ገብቼ ሰው ሁሉ እርስዎ ሲለኝ ትንሽ ቀዘቀዘኝ።

አሁን ለምን እንደምጽፍ ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት ከዘነበች ፎቶ ደረሰኝ። ልጁ ቁጭ ማለት ችሏል። አጠገቡ የኔ ኳስ አለች፣ ተነፍታ፣ አምራ። ግን ምን አልብሰውታል? ከላይ ያቺን ብርቱካናማ የቴክሳስ ቲሸርት፣ ከነወተት ምልክቷ፤ እምብርቱ እስኪታይ ጠብባዋለች። ከራሱ ላይ ቀይ የኦሃዮ ቆብ። ተስማምተው፣ ተካፍለው አለበሱት! በስተቀኝ ተስፋዬ፣ በስተግራ ግርማ፣ ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል። የሁለት ስቴት ልብስ ለብሶ ከተወለደበት አገር አንድ ክር እንኳ የለበትም።

ስለዚህ ይህን ያነበበ ሁሉ ይስማኝ። ከእናንተ መሐል ወደ ሚኒያፖሊስ የሚሄድ ዘመድ ያለው ሰው ካለ፣ ኮምቦልቻ ኳስ ሜዳው በር ላይ ይመር ብሎ ይጠይቅ። ባርኔጣዋን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ። ክሪስታል ያድርስልኝ። አሁን ትሰፋዋለች፤ ግድ የለም፣ ያድግባታል።